መዋጮው ከኪሎ ላይ ይቆረጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽ «እንጆሪ የምናመርት ሰዎች ተሰባስበን ምርቱን የሚያስተዋውቅና ምርምር የሚያሠራ አገር አቀፍ አካል ብናቋቁም ያዋጣል ወይ? ከየት እንጀምር?» የሚል ነው። ያዋጣል። ግን ከስምና ከማኅተም አትጀምሩ። ከገንዘቡ ጀምሩ።

እኔ እዚሁ አዳማ ከገበሬ እየተረከብኩ ለሆቴልና ለጁስ ቤት እንጆሪ አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት የአትክልት አምራቾች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ወርኃዊ መዋጮ የሚሉትን ነገር አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ይከፍላል፣ ፎቶም ይነሳል። የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። የከፈሉት ደግሞ «ያልከፈለውም እኩል ተጠቀመ» ብለው ያኮርፋሉ። እውነታቸውን ነው። ስለ እንጆሪ የተነገረ ማስታወቂያ የከፋዩንና የማይከፍለውን ማሳ አይለይም።

አሜሪካኖች ይህን በሕግ ፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አምራቾች የጋራ መዋጮ እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። የብሉቤሪ (ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ናት) አምራቾች ምክር ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2000 በዚሁ መንገድ ተመሠረተ። ክፍያው በቶን 12 ዶላር ነበር፣ ኋላ 18 ሆነ። በኪሎ ሲሰላ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ገንዘቡን የሚሰበስበው ምርቱን መጀመሪያ የሚረከበው ነጋዴ ነው፤ ገበሬው ቤት እየዞረ የሚለምን የለም። በዓመት ከ900 ኪሎ በታች የሚያመርት አይከፍልም። በዚህ ገንዘብ ሕግ አውጪዎችን ማግባባትም ክልክል ነው። እኔ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ግማሹ በአበልና በስብሰባ ያልቅ ነበር።

አስገዳጅ ሆኖ ግን ዘላለም አይኖርም። ብሪታንያ ውስጥ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2021 ድምፅ ሰጥተው የግዴታ መዋጮውን አስቀርተውታል።

እናንተ ሕግ አትጠብቁ። ከተረካቢዎች ጋር ውል አድርጉ፦ ከየኪሎው ትንሽ ይቆረጥ፣ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፍ። እኔም እንደ ተረካቢ እቆርጣለሁ፣ አያስቸግርም። ድምፅ አሰጣጡን ግን አስቡበት። በኪሎ ብቻ ከሆነ ሁለት ሦስት ትልልቅ እርሻዎች ወንበሩን ይይዙታል፣ የሩብ ሄክታሩ ገበሬ ጭብጨባ ብቻ ይቀረዋል።

ገንዘቡ ሲገኝስ? ሁሉም ወደ ማስታወቂያ ይሮጣል። እኔ አልስማማም። አዳማ ላይ የእንጆሪ ጁስ ጠጪ አላጣሁም። ያጣሁት ሳይፈርስ የሚደርስ እንጆሪ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ሳምንት ገደማ የሚቆየው ፍሬ በእኛ ፀሐይ በክፍት ፒክአፕ ሲጫን ማታውን ውሃ ያወጣል። ክረምት ደግሞ ሻጋታው አለ።

ከሁሉ የሚብሰው ችግኝ ነው። ከእናት ተክሏ የሚሳበውን ልጅ እየነቀልን እርስ በርስ እንሰጣጣለን። ቫይረሱም አብሮ ይሄዳል። ቅጠሉ ደህና ይመስላል፣ ፍሬው ግን ከዓመት ዓመት ያንሳል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ምንም የለም። ንጹሕ እናት ተክል በላቦራቶሪ አባዝቶ ማከፋፈል አንድ ገበሬ ብቻውን የሚችለው አይደለም። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ አፍንጫችን ሥር ነው፣ አትክልትና ፍራፍሬም ዋና ሥራው ነው። በባዶ እጅ «አጥኑልን» ከማለት የችግኙን ወጪ ይዞ መሄድ ይለያል።

ለጊዜው «አገር አቀፍ» የሚለውን ተዉትና ቆቃን፣ ቢሾፍቱንና አዳማን ይዛችሁ ጀምሩ። አሁን ያላችሁን ችግኝ ከየት እንዳመጣችሁ ጻፊልኝ፤ እኔም የምረከባቸውን ገበሬዎች ጠይቄ እዚሁ አስቀምጣለሁ።