ልጄን እስከ ሰባት ቤት አላስቆጠርኳትም

አሜሪካ ከገባሁ 30 ዓመት አልፎኛል። አዲስ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀኝ ሁሌም ያው ነው። ሥራ የት ይሻላል? ኪራይ የት ይረክሳል? መንጃ ፈቃድ እንዴት ይወጣል? ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ከ1ኛ ዜና መዋዕል ነው። አዎ፣ ስም ብቻ የተደረደረበትና ሁላችንም ዘለን የምናልፈው መጽሐፍ።

እኔም ለብዙ ዓመት ዘልዬዋለሁ። «አዳም፣ ሴት፣ ሄኖስ» ብሎ ይጀምርና ዘጠኙ ምዕራፍ ከሞላ ጎደል ስም በስም ነው። መቼ እንደተጻፈ ሳውቅ ግን ደነገጥኩ። ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ነው የተጻፈው። አገሩ የፈረሰበት፣ ቤተ መቅደሱ የተቃጠለበት፣ ልጆቹ በሰው አገር ተወልደው ያደጉበት ሕዝብ ነው ቁጭ ብሎ የአባቶቹን ስም የመዘገበው። ስለ እኛ የተጻፈ ያህል ተሰማኝ።

1. ወረቀት

የልጃችሁ ስም በልደት ሰርተፍኬቱም፣ በፓስፖርቱም፣ በትምህርት ቤቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ። የአያት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ እንደሚቀርም አውቃችሁ ወስኑ። ይኸው ነው።

2. የአባቶቻችሁን ስም ጻፉ

ዕዝራ ምዕራፍ 2ን አንብቡ። ከምርኮ የተመለሰው ጉባኤ 42,360 ነበር። ፈረሱ 736፣ ግመሉ 435፣ አህያው 6,720። አህያው ሳይቀር ተቆጥሯል። ከተመላሾቹ መካከል ግን 652 ሰዎች የአባቶቻቸውን ቤት ማስረዳት አልቻሉም። ያን ሁሉ መንገድ አብረው ተጉዘዋል። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባሉ ግን መልስ የላቸውም።

የካህናቱ ልጆች ነገር ደግሞ ይብሳል። መዝገብ ላይ ስማቸውን ፈልገው ስላጡት ከክህነት ተከለከሉ። ከእነሱ አንዱ ቤት የቤርዜሊ ልጆች ናቸው። አባታቸው ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ልጆች አንዷን አግብቶ በአማቾቹ ስም ተጠርቶ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለፈረንጅ አፍ እንዲመች ብለው የአባታቸውን ስም የቆረጡ ልጆች ይታወሱኛል። አንድ ሁለቱን እኔው ራሴ «ጥሩ አደረግህ» ብያቸዋለሁ። አሁን ይቆጨኛል።

እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም እንደዚሁ ይቆጥራሉ። አገር ቤት ሳለን ሽማግሌ ይቆጥርልን ነበር። እዚህ ግን ማን ይቆጥርልናል?

ደግሞ የምናገረው ስለ ደም ጥራት አይደለም። ልጃችሁ የውጭ ሰው ብታገባ ዘራችሁ ተቋረጠ ማለት አይደለም። እዚያው ዜና መዋዕል ላይ ሶሳን የሚባል ሰው አለ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሴት ልጁን ለግብፃዊ አገልጋዩ ዳረ፤ የዘሩ ቁጥርም በዚያው ቀጠለ። ሩትም ሞዓባዊት ናት፤ የዳዊት ቅድመ አያት። ዘር የሚቋረጠው የሚነግር ሲጠፋ ነው።

3. ቋንቋ

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፤ ታገሡኝ።

ነህምያ ማን ነበር? ሱሳ በሚባል ከተማ የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ። የሰው አገር ሠራተኛ፣ ልክ እንደኛ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ፈርሷል ሲሉት አለቀሰ፣ አስፈቀደ፣ ሄደ። ቅጥሩን በ52 ቀን ጨረሰው። 12 ዓመት ገዥ ሆኖ ኖረና ወደ ንጉሡ ተመለሰ። ከዚያ እንደገና ፈቃድ ጠይቆ መጣ። በዚያ ዘመን ምን አየ? የባዕድ አገር ሴቶች ካገቡት አይሁድ ልጆች እኩሌታው የጎረቤት ከተማውን የአሽዶድን ቋንቋ ይናገራሉ፤ የአይሁድን ቋንቋ አያውቁም። ነህምያ ያን ጊዜ የልጆቹን አባቶች ተጣላቸው፣ ረገማቸው፣ አንዳንዱን መታ፣ ጠጉራቸውን ነጨ። ድሮ «ይሄስ አበዛው» እል ነበር። ማንንም ምቱ አልልም። ንዴቱ ግን አሁን ይገባኛል። ድንጋይ በ52 ቀን ይደረደራል። ከልጅ አፍ የወጣ ቋንቋ በስንት ቀን ይመለሳል?

«እቤት አማርኛ ይሰማሉ» አትበሉኝ። መስማትና መናገር ይለያያል። «ሲያድጉ ይማራሉ» አትበሉኝ። የሚያድጉት እኮ በእንግሊዝኛ ነው። «ጊዜ የለንም» የሚለውን ደግሞ ከሁሉም በላይ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ምክንያት ነበር።

አባቴ አንድ ጊዜ ሊጠይቀን መጥቶ ስድስት ወር ቆየ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ አስቀምጧት እጇን ያዘ። ከትንሿ ጣቷ ጀምሮ እያንዳንዷን ጣት እያጠፈ ስም ይነግራታል። «ይሄ አባትሽ። ይሄ እኔ። ይሄ አባቴ...» አውራ ጣቷ ላይ ሲደርስ ወደ ሌላኛው እጇ ተሻገረ። ልጄ ወደ እኔ ዞር አለችና በእንግሊዝኛ «ምን እያለኝ ነው?» አለችኝ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። የማኅበራችን ሰብሳቢ ነበርኩ፤ ለአዲስ ዓመት በዓል የአዳራሽ ኪራይ ስብሰባ አለብኝ። «ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ።

ማታ ስመለስ ተኝታለች። አባቴ አገሩ በገባ በሦስተኛው ዓመት አረፈ።

ለዚህ ነው የሳሙኤል ታሪክ እንቅልፍ የሚነሳኝ። ሳሙኤል በየዓመቱ ቤቴልን፣ ጌልገላንና ምጽጳን እየዞረ በእስራኤል ላይ ይፈርድ ነበር። ቅን መሪ ነበር፤ የማንንም በሬና አህያ አልወሰደም። ልጆቹ ኢዮኤልና አብያ ግን ጉቦ በሉ፣ ፍርድ አጣመሙ። የእስራኤል ሽማግሌዎችም ፊት ለፊት «አንተ ሸምግለሃል፣ ልጆችህም በመንገድህ አይሄዱም» አሉት። የሕዝብ መሪ ነበር። የቤቱን ነገር ግን ሌላ ሰው ነገረው። በየከተማው የዕድር፣ የማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያን ቦርድ ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ይህን ስሙ። የእናንተን ቤት ማን እየሰበሰበው ነው?

ገንዘብ ስለላክህ ወይም ታላቅ ስለሆንክ ብቻ የቤተሰብ መሪ አትሆንም። ሮቤል በኩር ነበር። ዜና መዋዕል ግን ብኵርናው ለዮሴፍ ልጆች እንደተሰጠ፣ አለቃም ከይሁዳ እንደወጣ በግልጽ ጽፎታል። ትንሽም አላፈረም። በዚያ መዝገብ የምወደው ይህንን ነው፤ የቤተሰብን ገመና አይሸፍንም። እናንተም ለልጆቻችሁ ስትነግሩ አታሳምሩ። ሰካራሙን አጎትም፣ በመሬት ተካሰው የተቆራረጡትን ወንድማማቾችም ንገሯቸው።

የስም ዝርዝሩን መዝለል ትቼ ሳነበው ያገኘሁት ሌላ ነገር አለ። ምዕራፍ 6 ላይ ከዳዊት መዘምራን አንዱ ኤማን ይባላል። የኢዮኤል ልጅ፣ የሳሙኤል ልጅ ይለዋል። ጉቦ የበላው ኢዮኤል ልጅ መሆኑ ነው። ኤማን 14 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ በአባታቸው መሪነት በእግዚአብሔር ቤት ይዘምሩ ነበር። ሳሙኤል ልጁ ላይ ያጣውን የልጅ ልጁ ላይ አገኘው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ።

4. ደውሉ

ያቺ ልጄ አሁን 28 ዓመቷ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ወር ደወለችልኝ። በተሰባበረ አማርኛ «አባዬ፣ አያቴ ጣቴ ላይ የቆጠረው ማን ማንን ነው?» አለችኝ። መቁጠር ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ።

በማግሥቱ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ሰማንያ አልፏታል፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ እየጮህኩ ነው የማናግራት። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ስም ነገረችኝ፤ በስልኬ ቀዳሁት። ሰባተኛውን የሚያውቁት እታች መንደር ያሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው አለች። እሳቸው ደግሞ ስልክ የላቸውም። የአክስቴ ልጅ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዶ ሊጠይቃቸው ነው።