ስጦታው ለአያቲቱ ይሁን

«ጓደኛዬ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ልታይ ነው። ልጇ እናቷ ቤት ልትወልድ ጎንደር መጥታለች። ለጓደኛዬ ምን ይዤ ልሂድ? ወርቅ ይሻላል ወይስ የሕፃን ልብስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣

ሁለቱም ይቅርብሽ። የሕፃን ልብስ ሁሉም ሰው ይዞ ይመጣል። የእኔ ጓደኛ አያት ስትሆን የተከመረውን አይቻለሁ፤ ግማሹ ሳይለበስ ነው ልጁ ያደገበት። ወርቅ ደግሞ የዘመድ ነው። ዛሬ አንቺ ወርቅ ካሰርሽ፣ ነገ የአንቺ ልጅ ስትወልድ እሷ ምን ልታደርግ ነው? ወዳጅሽን ዕዳ ውስጥ አትክተቻት።

ጠያቂው ሁሉ የሚያየው አራሷንና ሕፃኑን ነው። ገንፎ የምታገነፋው፣ አጥሚት የምታሞቀው፣ ለገባ ለወጣው ቡና የምታፈላው፣ ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ቀድማ የምትነሳው ግን አያቲቱ ናት። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል የላትም። የጎንደርን የሌሊት ብርድ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጋቢ አሠሪላት። የእጅ ፈትል ጋቢ፣ ሌላ አይደለም።

1. ሳይወለድ ምንም ይዘሽ እንዳትሄጂ። «ማርያም በሽልም ታውጣት» ብለሽ፣ ቡናሽን ጠጥተሽ ውጪ። ጋቢውን ግን ከአሁኑ አስጀምሪ፤ ለማንም አትንገሪ።

2. ከሱቅ እንዳታዢ። እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የባህል ልብስ ሱቅ አዝዤ ነበር። «የእጅ ፈትል፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ» አልኩት። «እሺ እናቴ» ብሎ ቀብዱን ተቀበለ። በቀጠሮው ስሄድ ሸማኔው ታሟል። ደግሞ ስሄድ ክር ጠፍቷል። ልጅየው ተወለደ፣ ጋቢው የለም። በመጨረሻ በፌስታል ጠቅልሎ ባንኮኒው ላይ ወረወረልኝ። ዘርግቼ ሳየው ክሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የእጅ ፈትል እኮ አንዱ ጋ ወፈር፣ ሌላው ጋ ቀጠን ይላል፤ በጣትሽ ስትዳስሺው ጉርብጥብጥ ይልሻል። ይሄ የለየለት የፋብሪካ ክር ነው። እሱስ ይሁን፤ ጥለቱ ጥቁር! አራስ ቤት ጥቁር ጥለት ይዤ ልግባ? «ለቅሶ የምደርስ መሰለህ ወይ?» ስለው፣ ስልኩን እየነካካ «አሁን ፋሽኑ እሱ ነው፣ እማማ» አይለኝ መሰለሽ! እማማ ማለቱ ደግሞ የባሰ አበሸቀኝ። አያት የሆነችው ጓደኛዬ እንጂ እኔ አይደለሁ።

ነገሩን ዝም ብዬ አልተውኩትም። ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ደረሰኝ አለሽ?» አለች። ለቀብድ ማን ደረሰኝ ይሰጣል? «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ተመለሺ።» ከሰዓት ስመለስ በሩ ተቆልፏል። ቀብዴም እዚያው ሱቅ ተበልቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ባዘቶ፣ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ፣ ገዛሁ። እናቴ ያስተማረችኝን እንዝርት ከቁም ሳጥን አናት ላይ አወረድኩ። ልጆቼ ሳቁብኝ፤ «ቲክቶክ ላይ እንልቀቅሽ» አሉኝ። ይሳቁ! ማታ ማታ ዜና እያየሁ ፈተልኩት። መጀመሪያ እጄ እምቢ ብሎ ክሩ ይበጠስ ነበር፤ ኋላ ግን ልቃቂቱ እየተቆለለ ሲመጣ እነሱም ዝም አሉ። ይዤ ወደ አዘዞ መንገድ ላይ ያለ አንድ ሸማኔ ጋ ሄድኩ።

አንቺም ፈትለሽ ስትወስጂ ማጉ፣ አግድም የሚገባው ክር፣ ያንቺ ይሁን። ድሩን፣ በቁመት የሚዘረጋውን፣ ሸማኔው ከገበያ ክር ያደርገዋል፤ አሁን ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚሠሩት፣ አትከራከሪው። ሙቀቱም ልስላሴውም ከማጉ ነው። ጋቢ 4 ድርብ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ቁመቱን ግን በክንድሽ ለክተሽ ንገሪው፤ ዝም ካልሽ ያሳጥርብሻል። እኔ መወርወሪያው ሲመላለስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያሠራሁት፤ ሰውየው ሰልችቼው ሊሞት ነበር። ሙሉውንም ሂሳብ ቀድመሽ አትክፈይ።

አዲስ ጋቢ ድርቅ ያለ ነው። የሕፃን ፊት የሚነካ ስለሆነ አንዴ አጥበሽ፣ በፀሐይ አድርቀሽ ውሰጂ።

3. በክርስትናው ቀን አትስጪ። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ቤቱ በሰው ይጨናነቃል፤ ያንቺም ጋቢ ከልብስ ክምሩ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ጓደኛሽ ሙስሊም ከሆነችም በ7ኛው ቀን፣ ስም በሚወጣበትና አቂቃ በሚታረድበት፣ ያው ነው ግርግሩ። ሰው በሌለበት ከሰዓት በኋላ ሂጂ። ቅቤ ጨምረሽ ብትይዢም ጥሩ ነው፤ ግን ከምታውቂያት ሴት ግዢ። የዘንድሮ ቅቤ ሙዝና ዘይት ሲቀላቀልበት አይታወቅም።

ስትሰጫት «ይሄ የሕፃኑ አይደለም፣ ያንቺ ነው» በያት። ደግመሽ በያት። የእኔዋ ጫፉን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ «አንቺ ነሽ የፈተልሽው?» አለችኝ፤ ሳልነግራት። ዕንባዋ መጣ። በሌላ ጊዜ ስሄድ ሕፃኑን ጥቅልል አድርጋበት አገኘኋት፤ እሷ በአሮጌ ሹራብ ቁጭ ብላለች። ተቆጣኋት። «ደስ ብሎት ተኛበት፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እሱ ከእኔም ከአንቺም አቅም በላይ ነው።

የልጅቷ መውለጃ ከቀረበ ራስሽ ልፈትል አትበይ፤ አይደርስልሽም። ቅዳሜ ገበያ የተፈተለ ልቃቂት ይዘው የሚቀመጡ እናቶች አሉ፤ ከእነሱ ግዢ፣ እየዳሰስሽ። ዋጋ አልነግርሽም፣ ዛሬ የነገርኩሽ ለሳምንቱ አይሠራም። የሸማኔውን ስልክ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደውይለት፣ ከሰዓት አያነሳም።