ባል ወይም ሚስት ወደ አሜሪካ ለማምጣት ወረቀት ስታዘጋጁ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ሆናችሁ ባል ወይም ሚስት ከአገር ቤት ለማምጣት ፕሮሰስ የጀመራችሁ፣ ስለ ወረቀት አዘገጃጀቱ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎርፏል። ጠበቃ አይደለሁም። የባለቤቴን ፎርም ራሴ ሞልቼ አምጥቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህም የብዙ ሰው ፋይል አብሬ አገላብጫለሁ።

ሲቲዝን ነኝ፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት። ለመጀመር ምን ልያዝ?

የምትጀምረው በአይ 130 ፎርም (ለዘመድ የሚቀርበው ማመልከቻ) ነው። የዜግነት ማስረጃህን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የየራሳችሁን ጉርድ ፎቶ (2 ኢንች በ2 ኢንች) ያዝ። ከሁለት አንዳችሁ ቀድሞ አግብታችሁ ከነበረ የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ያስፈልጋል። ሽማግሌ ፊት ተለያይተናል የሚል ወረቀት አይሆንም። አይ 130ኤ የሚባለው የእሷ ፎርም ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ስላለች ተሞልቶ ይገባል እንጂ መፈረም የለባትም። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ተብሏል። ዋጋው ስለሚቀያየር በምትከፍልበት ቀን የዩኤስሲአይኤስን (የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትን) ገጽ እይ።

የተጋባነው በቤተ ክርስቲያን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ይበቃል?

አይበቃም ብለሽ ያዢ። ተክሊሉም ኒካሁም በአገራችን ሕግ ጋብቻ ነው፤ ግን በወሳኝ ኩነት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይውጣለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። የተጋባችሁበት ቀንና ያስመዘገባችሁበት ቀን ይለያያል። ፎርሙ የሚጠይቀው የተጋባችሁበትን ነው። ጸሐፊው አቀያይሮት ከሆነ እዚያው ሳለሽ አሳርሚው።

የሠርጋችን ቀን በፈረንጅ ሲመለስ አንዱ ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 26፣ ሌላው ላይ 27 ሆነ። አንድ ቀን ምን ያመጣል?

አንድ ቀን ብለህ አትናቀው። ሠርጋችሁ ጥር 18 ቀን 2016 ነበር ብለሃል። ትክክሉ ጃንዋሪ 27፣ 2024 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥምቀትን አስታውስ። ሁሌ ጃንዋሪ 19 ይውልና በ2016 ግን 20 ላይ ዋለ፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ የሚመጣው ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል። በልማድ የሚቆጥር አስተርጓሚ 26 ብሎ ይጽፋል። ኦፊሰሩ ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። የሚያየው ሁለት የተለያየ ቀን ብቻ ነው። ትርጉሙን አሳርመህ እንደ አዲስ አስፈርም። ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ማህተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይተርጎም።

የባለቤቴ ስም ፓስፖርቷና የልደት ወረቀቷ ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል።

የእኔም ባለቤት እንዲሁ ነበረች። ስሟ በ«ጽ» ይጀምራል፤ አንዱ ላይ በቲ እና ኤስ፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ ተጽፏል። የልደት ወረቀቱን በፓስፖርቱ አጻጻፍ አስቀየርነው። ማስቀየር ካልተቻለ ሁለቱም አጻጻፍ ፎርሙ ላይ «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ ይግባ። ደግሞ በእኛ ባህል ሚስት የባሏን ስም እንደማትወስድ አትርሳ። ላስት ኔም በሚለው ቦታ የአንተን እንዳትሞላላት።

300 የሠርግ ፎቶ አለን። ሁሉንም ልላክ?

ኧረ ተው! ሁሉም የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ጋብቻው የእውነት መሆኑን የሚያሳየው ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ከሠርጉ አሥር፣ ከመልሱ ሁለት ሦስት፣ የቀረውን ከሄድክባቸው ጊዜያት አድርግ። ከየፎቶው ሥር ቀን፣ ቦታና ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ጻፍ። የላክኸው ገንዘብ ደረሰኝ፣ የፓስፖርት ማህተም፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የዋትስአፕና የቴሌግራም ጥሪ ዝርዝር ከየወሩ ጥቂት ገጽ ይግባ። ለሽምግልና ከሄዱት አንዱ የሚያውቁትን በራሳቸው ቃል ቢጽፉ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ አይቅር።

ሠርግ ያልደገሳችሁ አትጨነቁ። አንድ ፋይል ትዝ ይለኛል። የሙሽራዋ አባት ካረፉ ሁለት ወራቸው ነበር። በጠቅላላው ዘጠኝ ፎቶ ነው ያላቸው፣ እናትየው በሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ሐዘን ላይ እንደነበሩ ልጅቷ በአንድ ገጽ ጽፋ የሞት ምስክር ወረቀቱን አያያዘች። ጉዳዩ ግልጽ ሆነ።

ጋሼ፣ ባለቤቴ አምስት ዓመት ሪያድ ሠርታለች። ደላላው ዕድሜዋን ጨምሮ፣ የአባቷንም ስም ቀይሮ ነበር ፓስፖርት ያወጣላት። ይህን ባንናገር ምን ይሆናል?

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ስንቷ እህታችን በ16 እና በ17 ዓመቷ በዚህ መንገድ ሄዳለች። እንዳትደብቁ እለምንሃለሁ። ዕድሜዋ 16 ከሞላ በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖረችበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። የሪያዱ ማስረጃ የሚወጣው ደግሞ እዚያ በነበራት ስም ነው። አሁን የሳዑዲን ዓመታት ዘላችሁ ብትሞሉ የትላንቱ የደላላ ውሸት የእሷ የራሷ ውሸት ይሆናል። ለቪዛ ሆን ብሎ መዋሸት ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። የሆነውን ሁሉ ጻፉት፤ የድሮውን ፓስፖርት ኮፒ ፈልጉ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ወይም የክርስትና ካርድ ካለ አያይዙ። የአንተን ጉዳይ ግን ሳታስገባ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተቀመጥ። ለአንድ ሰዓት ምክር የምትከፍለው አይቆጭህም።

በውክልና ብንጋባስ?

የአሜሪካ ሕግ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ሁለታችሁም በአንድነት ካልተገኛችሁ፣ ከጋብቻው በኋላ በአካል ተገናኝታችሁ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ማደራችሁን ይፈልጋል። የእኛም የቤተሰብ ሕግ ያለ ልዩ ፈቃድ የውክልና ጋብቻ አይቀበልም። ሄደህ አግባ።

ገቢዬ ትንሽ ነው። ስፖንሰር ማግኘት ግድ ነው?

ገቢሽ ለቤተሰብሽ ቁጥር ከተቀመጠው የፌዴራል የድህነት መስፈርት 125 በመቶ ከደረሰ አንቺ ብቻሽን ትበቂያለሽ። እሱን ጨምረሽ ቁጠሪ። ካልደረሰ አሜሪካ የሚኖር ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሮሽ አይ 864 (የስፖንሰርነት ውል ፎርም) ይሞላል። ለዚያ ሰው ግን የሚፈርመው ምን እንደሆነ በደንብ አስረጂው። ባለቤትሽ ዜጋ እስኪሆን ወይም አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ 40 ሩብ ዓመት እስኪሞላ ድረስ ተጠያቂ ነው፤ ብትፋቱም አይወርድለትም። ይህን ሳያውቁ ፈርመው የተቀያየሙ ዘመዳሞች አሉ።

ሚስቴ የስምንት ዓመት ልጅ አላት። በእሷ ፋይል ትገባለች?

ሲቲዝን ከሆንክ አትገባም፤ ለልጅቷ ለብቻዋ አይ 130 ሙላ። ከእናቷ ጋር የተጋባችሁት ልጅቷ 18 ሳይሞላት ስለሆነ የእንጀራ ልጅህ ተብላ ትቆጠራለች። ለሁለቱም በአንድ ቀን አስገባ። አንዷ ቀድማ ሌላዋ እንዳትቀር።

ኤምባሲ ስትቀርብ ምን ትያዝ?

ኮፒ የላካችሁትን ሁሉ ኦሪጅናሉን። ለቪዛው የመረመራት ሐኪም የታሸገ ፖስታ ከሰጣት ሳትከፍተው ታስረክብ። ከመሄዷ በፊት ያስገባችሁትን ፎርም ደግማ ታንብበው፤ አንተ ሞልተህላት ያላየችው መልስ እንዳይኖር።