«ለምናልባቱ» ማለት ሟርት አይደለም እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን ትላንት ማታ ሁለቴ አነበብኩት። ላላየው ሰው ባጭሩ፦ ልጅቷ እዚሁ ጎንደር በአካውንቲንግ ተመርቃ የመውጫ ፈተናውንም አልፋ ቤት ከተቀመጠች ሁለት አመት ሆኗታል። አንድ ኤንጂኦ ኢንተርቪው ላይ «ኮንቲንጀንሲ ምንድነው፣ የት የትስ ይገባል?» ብለው ጠየቋት፣ «ኢመርጀንሲ ማለት ነው» አለች፣ በዛው ቀሩ። አሁን አዘዞ አካባቢ ያለ የኮንትራክተር ሳይት የ6 ወር የሂሳብ ስራ ሰጥቷታል፣ አባቷ ግን «ኮንትራት ስራ አይባልም፣ ባንክ እስኪወጣ ጠብቂ» ይላሉ፣ አጎቷ ደግሞ እናቷ በእቁብ ያገኙትን 40,000 ብር «ባንክ አስገባታለሁ» ላለ ሰው ይሰጥ ባይ ነው። እሷ «ይዞት ቢጠፋስ?» ስትል «አታሟርቺ!» ተባለች።

እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ «አታሟርቺ» ነች። ምክንያቱም ኮንቲንጀንሲ ማለት እኮ ያንቺው «ቢጠፋስ» ነው፣ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል፣ ከሆነ ግን ብር ወይ ጊዜ ሚበላ ነገር። ኢመርጀንሲ ነገሩ ከደረሰ በኋላ ያለው ሩጫ ነው፣ ኮንቲንጀንሲ ደግሞ ገና ሳይደርስ ታስቦ ሚቀመጠው፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። እናትሽ ክረምት ሳይገባ ከሰል በጆንያ ሚያስገቡት፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ጀሪካኑን ሁሉ ሚሞሉት ለምናልባቱ አይደል? ማንም ሟርተኛ አላላቸውም።

እኔ ይሄን ቃል ክላስ ውስጥ ሸምድጄው ነበር፣ የገባኝ ግን ሳይት ላይ ነው። የመጀመሪያ ስራዬ ኮንትራክተር ቤት ነበር፣ እንዳንቺው ኮንትራት። የቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የስራው ዝርዝር ከነመጠኑና ከነዋጋው ማለት ነው) የመጨረሻ ገጽ ላይ የስራው ድምር አለ፣ 4,000,000 ብር እንበል፣ ከስሩ ኮንቲንጀንሲ 10 ፐርሰንት 400,000፣ ከዛ በ4,400,000ው ላይ ቫት 15 ፐርሰንት 660,000፣ ጠቅላላ 5,060,000። እኔ ያቺን 400,000 ሚገባልን ብር ብዬ ገቢ እቅድ ውስጥ ደመርኳት፣ ደሞዝና ናፍጣ መደብኩባት። አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በእስክሪብቶ እያሳዩኝ «ልጄ ይሄ የኛ አይደለም፣ የአሰሪው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው፣ ካልተነካ እዛው ይቀራል» አሉኝ። ወር ሳይሞላ ፋውንዴሽን ሲቆፈር ከታሰበው በላይ ጥልቅ መረሬ አፈር ወጣ፣ ተጨማሪ ቁፋሮና ሰሌክት ማቴሪያል (መረሬውን ሚተካ የተመረጠ አፈር) አስፈለገ፣ ስራውን ሚቆጣጠረው ኮንሰልታንት መጥቶ ለክቶ ካጸደቀ በኋላ ብሩ ከዛችው መስመር ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ፣ መሬቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ግን አለማወቃችንን ቁጥር ሰጥተን አስቀምጠነዋል።

አንቺ በተማርሽው አካውንቲንግ ደግሞ ሌላ መልክ አለው፣ ኢንተርቪው ላይ ግራ ሚያጋባውም ይሄ ነው። እኛ አገር በአዋጅ 847/2006 ወደ አይኤፍአርኤስ (አለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ) ስለተገባ ለዚህ ሚሰራበት ከደረጃዎቹ አንዱ አይኤኤስ 37 ነው። አንድ ሰራተኛ ከስካፎልዲንግ (ሰራተኛ ሚቆምበት መወጣጫ) ወድቆ ድርጅቱን 300,000 ብር ከሰሰ በይ። ጠበቃው «መሸነፋችን ያመዝናል» ካለና መጠኑን መገመት ከተቻለ ፕሮቪዥን (እዳ ተብሎ ሚያዝ ግምት) ተብሎ መዝገብ ላይ ይያዛል፣ «ልንሸነፍ እንችላለን ግን አያመዝንም» ካለ ኮንቲንጀንት ላያቢሊቲ (ምናልባት ሊመጣ ሚችል እዳ) ነው፣ ሂሳቡ ላይ አይገባም ማብራሪያው ላይ ይጻፋል፣ በጣም ሩቅ ከሆነ አይጻፍምም። ከሳሹ እናንተ ከሆናችሁ ግን የምታገኙት ብር እርግጥ ሊባል እስኪደርስ እንደ ሀብት አይያዝም። እዪው፣ ክፉውን ቶሎ ይጽፋል ደጉን ያዘገያል። ባንክ ለኮንትራክተር ሚሰጠው ጋራንቲም ለባንኩ ኮንቲንጀንት ላያቢሊቲ ነው፣ ኮንትራክተሩ እስካላጠፋ ድረስ ባንኩ አይከፍልማ።

ኤንጂኦዎቹ የፈለጉት ደግሞ ሳይሆን አይቀርም ኮንቲንጀንሲ ፕላን ነው። እዛ መጀመሪያ ብር አይደለም ሚጻፈው፣ «መንገድ ቢዘጋ እህሉ የት ይራገፋል፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ማን ለማን ያሳውቃል» ነው። ስለዚ ሌላ ቀን ሲጠይቁሽ «ለበጀት ነው፣ ለሂሳብ ሪፖርት ነው ወይስ ለፕላን?» ብለሽ መልሰሽ ጠይቂያቸው፣ ሶስቱንም አሁን ታውቂያቸዋለሽ።

አሁን ወደ ቤት ልግባ፣ አባትሽም ይቅር ይበሉኝ። ባንክ ማስታወቂያ እስኪያወጣ ቤት መጠበቅ እሳቸው ዋስትና ይመስላቸዋል እንጂ በየወሩ ከኪሳቸው ሚወጣ ወጪ ነው፣ ባዶ ሲቪ ይዘሽ ሶስተኛ አመትሽን ከምትጀምሪ የ6 ወር ልምድ ይዘሽ ብትወዳደሪ ይሻላል። አጎትሽን በተመለከተ፣ ለዛ ሰውዬ 1 ብር እንዳይሰጠው። 40,000ው የቤታችሁ መጠባበቂያ ነው፣ አንድ ሰው ቢታመም ሚነሳው እሱ ነው፣ በብር ሚገባበት ስራ ደግሞ ሰውየው ቢጠፋ የት ሄዳችሁ ትከሳላችሁ? የጠየቅሽው ጥያቄ ልክ ነው፣ በእናትሽ ፊት ድገሚው፣ ብሩ የሳቸው ነው።

ጂፒኤዬ ዝቅ ያለ ነው ላልሽው፣ ሳይት ላይ ማንም አይጠይቅሽም። አዲስ አበባ መሄዱን ለጊዜው ተይው፣ የቤት ኪራዩ ደሞዝሽን ይውጠዋል።

ሰኞ ስትገቢ የፕሮጀክቱን ቢል ኦፍ ኳንቲቲ አስወጪና የመጨረሻውን ገጽ እዪ፣ ኮንቲንጀንሲው ስንት እንደነበር፣ እስካሁን ስንቱ በምን ምክንያት እንደወጣ፣ ማን እንደፈረመበት ጠይቂና ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።