«መብራት ያበሩልኛል፣ ምን ልመልስ?» ላልከው ወንድም

«ተሳቢ መንዳት ገና ጀመርኩ። ደርቤ ሳልፍ ከኋላ መብራት ብልጭ ያደርጉልኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና ፍሬቻ ያሳየኛል። ምን ማለታቸው ነው? ምንስ ልመልስ?» ብለህ ጠይቀሃል። «አመስግነህ እለፍ» ብለው የመለሱልህ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገውብሃል። የኋላው ብልጭታ ጨዋነት ነው። የፊቱ ፍሬቻ ግን ሰው ያስበላል። የምጽፈው በቀኝ ለሚነዳበት መንገድ ነው፤ በግራ የምትነዳ ከሆነ ገልብጠህ አንብበው።

1. ያለፍከው ሾፌር የሚያበራልህ ብልጭታ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተሳቢህ ጭራ የእሱን አፍንጫ አልፏል። እሱ ጭራህን በፊት መስታወቱ በቀጥታ ስለሚያየው ካንተ የተሻለ ይገምታል፤ ጎበጥ ያለው ስፖኪዮህ ግን ነገሩን አሳንሶ፣ የራቀ አስመስሎ ነው የሚያሳይህ። ሆኖም ብልጭታው ፈቃድ አይደለም። የመኪናውን ሁለቱንም የፊት መብራቶች በጠፍጣፋው ስፖኪዮ ሙሉ በሙሉ ሳታይ ወደ ረድፍህ አትመለስ። አንዳንዴ ብልጭታው ላንተም ላይሆን ይችላል። ጎማው ጉብታ ሲመታ መብራቱ ወደ ላይ ይዘልና ሆን ተብሎ የበራ ይመስላል፤ ስንቱ ጀማሪ ይህን አምኖ ገብቷል።

2. ሌላው ደርቦ ሲያልፍህና አብሪው አንተ ስትሆን ደግሞ አትቸኩል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በሰከንድ 22 ሜትር ትጨርሳለህ። የአየር ፍሬን ፔዳሉን ከረገጥከው በኋላ አየሩ ጎማው ዘንድ ደርሶ እስኪይዝ የሰከንድ ግማሽ ያህል ይፈልጋል። የሚያልፍህ መኪና ጭራ አፍንጫህን እንዳለፈ ወዲያው ብታበራለትና አሥር ሜትር ፊት ለፊትህ ገብቶ ፍሬን ቢይዝ፣ ያንተ ፍሬን ሳይነክስ አብዛኛው ክፍተት ሊያልቅ ይችላል። ቢያንስ 30 ሜትር እስኪርቅ ጠብቅ፤ አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ቀን ከሆነ ረጅሙን መብራት ሳብ አድርጎ መልቀቅ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በቂ ነው። ማታ ረጅም መብራት የሚያበሩትን ግን ጨዋ አልላቸውም። ብርሃኑ በሁለቱም ስፖኪዮ ገብቶ ሰውዬውን የሚያሳውረው ልክ ወደ ረድፉ በሚመለስበት ሰዓት ነው። ማታ አጭሩን መብራት ለቅጽበት አጥፍቶ ማብራት የቆየ ልማድ ነው፤ የሚሠራው ግን ቀጥ ባለ መንገድና መብራቱ ወዲያው በሚመለስ መኪና ነው። ዜኖን የሚባለው፣ በጋዝ የሚሠራው የፊት መብራት ከጠፋ በኋላ ሙሉ ብርሃኑን እስኪያገኝ ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ ቶሎ ቶሎ ማጥፋት ማብራቱም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ኤልኢዲ ይህ ችግር የለበትም። በሰሜን አሜሪካ የጭነት መኪኖች ላይ የዳር መብራቶቹን ብቻ ለቅጽበት የሚያቋርጥ ማብሪያ አለ፤ የፊት መብራቱ ሳይነካ ምልክት ይሰጣል።

ከመብራቱ የሚበልጠው ጨዋነት ግን እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ነው። እያንዳንዳቸው 16.5 ሜትር የሆኑ ሁለት ተሳቢዎችን አስብ፤ ከፊትም ከኋላም 30 ሜትር ክፍተት ብትተው ደርቦ የሚያልፈው የሚቀድመው ርቀት 93 ሜትር ነው። እሱ በ80፣ አንተ በ75 ብትሄዱ 67 ሰከንድና 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጨርሳል። ወደ 70 ዝቅ ካልክለት ግማሹ ይበቃዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከባድ መኪኖች ፍጥነታቸው 90 ላይ የተገደበ ስለሆነ፣ አንዱ 90 ሌላው 88 ሲሄዱ ያው መቅደም ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጃል፤ የኋላው ሰልፍ ሁሉ ይራገማል። ጥፋቱም ለትንሽ ጊዜ ዝቅ ማለትን እንደ ሽንፈት የሚቆጥረው የሚታለፈው ሾፌር ነው።

3. ምስጋና። ተሳቢህ ቀጥ ብሎ ረድፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ድርብ ፍሬቻ (የሁለቱንም ጎን ፍሬቻ አብሮ የሚያበራውን) ተጭነህ ሁለት ጊዜ ብልጭ እንዳለ አጥፋው። ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ስለሚበራ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ነው። ሳታጠፋው ከረሳኸው የኋላው ሊቆም ነው ብሎ ያስባል፤ በብዙ መኪኖችም ላይ እስክታጠፋው ድረስ የመታጠፊያ ፍሬቻህ ትርጉም የለውም። ቀኝ ግራ ቀኝ የሚያበሩም አሉ። ነገር ግን ከኋላህ ሌላ መኪና ደርቦ እየመጣ ከሆነ የግራው ብልጭታ ተመልሰህ ልትወጣ ያሰብክ ያስመስልሃል። አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ማንሻውን ነካ ስታደርገው በራሳቸው ሦስት ጊዜ ስለሚያበሩ ቀኝ ግራው ይዘበራረቃል፤ ድርቡን ተጠቀም። በፍሬን መብራት ግን በጭራሽ አታመስግን። ሪታርደርም (የፍሬን ፔዳል ሳትረግጥ መኪናውን የሚያዘገየው መሣሪያ) በብዙ መኪኖች ላይ የፍሬን መብራት ስለሚያበራ ወደ ረድፍህ እንደተመለስክ አትያዘው።

4. አሁን ወደ ፍሬቻው። ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ፣ ዳገት ላይ የሚያዘግም መኪና የቀኝ ፍሬቻ አሳየህ፤ «መንገዱ ባዶ ነው፣ እለፍ» ማለቱ ነው ተብለሃል። ሊሆን ይችላል። ዳር ሊይዝ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከቅድሙ ኩርባ ጀምሮ ማጥፋት ረስቶት ይሆናል። የግራው የባሰ ነው። በብዙ ቦታ «አትምጣ» ማለት ሲሆን፣ በሜክሲኮ አውራ ጎዳናዎች ግን በልማድ የግራ ፍሬቻ «እለፈኝ» ማለት ነው፤ እዚያው አገር ያው ፍሬቻ «ወደ ግራ ልታጠፍ ነው» ማለትም ነው። አምኖ የወጣ ሰው የሚታጠፈውን መኪና ጎን የሚያገኘው እንዲህ ነው። ሌላም አለ፦ አንዱ ጎን አምፖሉ የተቃጠለ ወይም በጭቃ የተሸፈነ መኪና ተበላሽቶ ድርብ ፍሬቻ ሲያበራ፣ ለኋላው የሚታየው የአንድ ወገን ፍሬቻ ብቻ ነው።

የፊቱ ሰው ቅን ነው እንበል። የሚያየው መንገድ ለእሱ ነው፤ የጭነትህን ክብደት፣ የተሳቢህን ርዝመት፣ ሞተርህ ምን ያህል እንደሚስብ አያውቅም። እሱ በ40፣ አንተ በ50 ብትሄዱ ያንን 93 ሜትር ለመጨረስ 33 ሰከንድ ተኩል ትፈልጋለህ። በዚያ ጊዜ አንተ 465 ሜትር ስትሄድ በ90 የሚመጣ መኪና 840 ሜትር ይመጣብሃል። ስለዚህ የሚያስፈልግህ ባዶ መንገድ 1.3 ኪሎ ሜትር ነው። ኩርባ ባለበት ዳገት ላይ ይህን የሚያይ ሾፌር የለም። ፍሬቻው የሚነግርህ የአሁኑን ነው፤ አንተን የሚያሰጋህ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ያለው ነው። ግጭት ቢደርስ «እለፍ ብሎኝ ነው» ማለት አያድንህም፤ መንገዱን የማረጋገጥ ግዴታው ደርቦ የሚያልፈው ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ በአንቀጽ 110 መብራት ብልጭ ማድረግን «እዚህ አለሁ» ከማለት ውጪ ለሌላ መልእክት እንዳትጠቀምበት ይላል፤ በ111 ደግሞ የበራልህን መብራት የመሄጃ ግብዣ አድርገህ እንዳትወስድ። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ፍሬቻ የት እንዳለ ያሳዩሃል፤ ይህን የሚነግርህ ግን እምብዛም ነው።

እናም ፍሬቻውን ስታይ ራስህ እንድትመለከት ማስታወሻ ብቻ አድርገው። ጭራው ላይ አትለጠፍ፤ በቀረብክ ቁጥር ከፊት ያለው መንገድ ይሸፈንብሃል። 50 ሜትር ያህል ቆይ፣ ማርሹን ከመውጣትህ በፊት ቀንስ፣ መንገዱን በራስህ ዓይን እስከ መጨረሻው ስታየው ብቻ ውጣ። «አትምጣ» ያለህ ከመሰለህ ግን ሁልጊዜ እመነው፤ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ የሚያስከፍልህ ጥቂት ደቂቃ ነው። የፊቱ አንተ ስትሆን «እለፍ» አትበል፤ ሰፊ ቦታ ስታገኝ ዳር ይዘህ ፍጥነት ቀንስለት፣ ውሳኔውን ለእሱ ተወው።

ጠባብ ድልድይ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና መብራት ቢያበራልህም ነገሩ ያው ነው። አንዱ «ግባ» ማለቱ ነው፣ ሌላው «እኔ ገብቻለሁ፣ ቁም» ማለቱ። መብራቱን ሳይሆን ጎማውን ተመልከት፤ መቆሙን ስታይ ግባ።

የምትነዳው መኪና ፍሬቻው በራሱ ሦስት ጊዜ የሚያበራ ከሆነ ዓይነቱንና ሞዴሉን እዚህ ጻፍልን። በአንዳንዶቹ ላይ ከዳሽቦርዱ ማስተካከያ ማጥፋት ይቻላል።