ጥያቄና መልስ፦ ከጉበት ቀዶ ጥገና በኋላ «ጠርዙ ነፃ ነው» ሲባል

ከትልቁ አንጀት ተነስቶ ወደ ጉበት ስለተዛመተ ካንሰር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቆርጦ ያወጣውን የጉበት ክፍል የምንመረምረው እኛ ነን። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ጠርዝ፣ ማለትም ጉበቱ ስለተቆረጠበት ገጽ፣ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዓመታቱን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የእናቴ ሪፖርት «ጠርዙ ከካንሰር ነፃ ነው፤ ርቀቱ 2 ሚሊ ሜትር» ይላል። አንድ ዘመዳችን ግን «1 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ዋጋ የለውም» ብሎ እንቅልፍ ነሳን።

ዘመዳችሁ የሰሙት የድሮውን ሕግ ነው። በ1980ዎቹ በዕጢውና በተቆረጠው ጠርዝ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ጉበት መኖር አለበት ይባል ነበር። በዚህ የተነሳ መዳን የሚችሉ ሰዎች ቀዶ ጥገና ተከልክለዋል። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። በ2005 የወጣ፣ 557 ታካሚዎችን ያካተተ የበርካታ አገሮች ጥናት ግን ጠርዙ ነፃ እስከሆነ ድረስ ስፋቱ በዕድሜ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ አሳየ። ዛሬ አብዛኛው ሐኪም 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነፃ ይለዋል። የእናትሽ ጠርዝ ነፃ ነው፤ ተኙ።

ይህ ማለት ግን ቀዶ ሐኪሙ 1 ሚሊ ሜትር አስቦ ይቆርጣል ማለት አይደለም። ከቻለ ሰፋ አድርጎ ነው የሚቆርጠው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ትንሽ ርቀት እንዴት ይለካል? ስህተት የለውም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉበቱ ሲደርሰን መጀመሪያ የተቆረጠውን ገጽ ቀለም እንቀባዋለን። ከዚያ ልክ እንደ ዳቦ በስሱ እንቆራርጠዋለን። ዕጢው ወደ ቀለሙ በጣም የቀረበበትን ቦታ መርጠን በሰም እናደርቅና በመስታወት ላይ እናሳርፋለን። በማይክሮስኮፕ ከቀለሙ መስመር እስከ መጨረሻዋ የካንሰር ሴል ያለውን እንለካለን። በሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሐኪሞች ጉበትን የሚቆርጡት በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በመንገዱ ያለውን ሥጋ አፍርሶ ይመጠዋል። ያ ሥጋ እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ እውነተኛው ርቀት ከጻፍነው ትንሽ ሊሰፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ የአባቴ ሪፖርት «አር ዋን» ይላል። አለቀልን ማለት ነው?

አላለቀም ወንድሜ። «አር ዋን» ማለት የካንሰር ሴል ጠርዙ ላይ ወይም ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ታይቷል ማለት ነው። የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ይህን አልደብቅህም። ግን ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ዕጢው ትልቅ የደም ሥር ላይ ተለጥፎ ከሆነ ሐኪሙ ሥሩን ለማትረፍ ሆን ብሎ ልጦት ይሆናል። ይሄ ሥጋው መሐል ካንሰር ከመተው ይለያል፤ ውጤቱም የተሻለ ነው። በ2008 ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት ደግሞ ጥሩ ኬሞ (በመድኃኒት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና) ካለ «አር ዋን» የሆኑት ነፃ ከሆኑት ጋር የተቀራረበ ዕድሜ እንደኖሩ አሳይቷል።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ይልቅ የካንሰሩ ጠባይ ይበልጣል። የዕጢዎቹ ብዛት፣ ለኬሞ የሰጡት ምላሽ፣ «ራስ» (RAS) በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ መኖር አለመኖሩ። ጠባብ ጠርዝ ራሱ ብዙ ጊዜ የአስቸጋሪ ካንሰር ምልክት ነው። ሐኪማችሁን ስለ እነዚህ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ይኖራል?

ለአንድ ሰው ማንም ሊናገር አይችልም። በጥቅሉ፣ ቀዶ ጥገናው ከተሳካላቸው ግማሽ ያህሉ 5 ዓመት ይደርሳሉ። በ2007 ከኒውዮርክ በወጣ ጥናት ከ612 ታካሚዎች 102ቱ ከ10 ዓመት በላይ ኖረዋል። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ካንሰሩ ይመለሳል፤ በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ቢመለስም ጉበት መልሶ ስለሚያድግ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሚሠራላቸው አሉ።

ጥያቄ፦ «ጉበት ያጸዳል» የተባለ ዕፅ ልስጣት?

እባክሽ ተዪው። አንዳንዱ ዕፅ ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ ከኬሞ ጋርም ይጋጫል።

ጥያቄ፦ ቀዶ ጥገናው ህንድ ነው የተሠራው፤ ክትትሉ አዲስ አበባ ነው። ምን ይዘን እንምጣ?

የመውጫ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ሙሉውን የፓቶሎጂ ሪፖርት፣ ቀዶ ሐኪሙ የጻፈውን የኦፕሬሽን ማስታወሻና የሲቲ ስካኑን ሲዲ ጠይቁ። በሰም የደረቀውን ናሙናም ማግኘት ከቻላችሁ አምጡ፤ የጂን ምርመራ ካልተሠራ ከእሱ ይሠራል። እዚህ ከመጣችሁ በኋላ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራና ሲቲ ስካን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ይደረጋል። «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትዝለሉት፤ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ሕመም የለውም።