ሲግል የሚጠማ ብረት

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችሁም ጭቃ በጭቃ ሆናችሁ መጣችሁ። ሳይክሎቹን ግንቡ ላይ አስደገፋችሁ። ካቴናውን እንኳ ሳትጠርጉ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አሳያችሁኝ። ቀለም ያልተቀባ፣ እንደ ነሐሴ ሰማይ ግራጫ የሆነ የሳይክሎክሮስ፣ ማለትም የጭቃ ላይ ውድድር፣ ፍሬም። «ጋሼ፣ ቲታኒየም ነው። ያገለገለ ነው ግን አሪፍ ነው። ከውጭ የሚያመጣልን ሰው አግኝተናል። ይሻለናል?» አላችሁኝ። እኔም «ላስብበት» ብዬ ሸኘኋችሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው።

እንደምታውቁት ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው፤ በቱቦና በብየዳ። ጡረታ ስወጣ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሳይክል መጠገን ጀመርኩ። ክፍሏ የነበረችበት መስመር ፈረሰና ዛሬ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶበታል። ልሳቅ ወይስ ልዘን፣ እስካሁን አልወሰንኩም። አሁን አራት ኪሎ፣ የዘመድ ጓሮ ውስጥ ሞርሳዬን ተክዬ የእናንተን ጎማ እለጥፋለሁ።

ቲታኒየምን ያወቅሁት ሳይክል ላይ ሳይሆን አውሮፕላን ውስጥ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ለፍሬም የሚውለው ቅይጥ 3 በመቶ አሉሚኒየምና 2.5 በመቶ ቫናዲየም አለበት። የቀረው ቲታኒየም ነው። ይህ ቱቦ መጀመሪያ የታሰበው ለአውሮፕላን ሃይድሮሊክ መስመር ነበር። ሳይክል ሠሪዎች ቆየት ብለው ተዋሱት። ስለዚህ ፎቶውን ስታሳዩኝ እኔ የታየኝ ፍሬም አልነበረም። የድሮ ሥራዬ ነው።

ሰዎች ቲታኒየም ውድ የሆነው ብርቅ ስለሆነ ይመስላቸዋል። አይደለም። አፈር ውስጥ ሞልቷል። ግድግዳ የምንቀባው ነጭ ቀለም ውስጥ እንኳ አለ። ችግሩ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ መኖሩ ነው። ክሮል የሚባል የሉክሰምበርግ ተወላጅ ዛሬም የሚሠራበትን የማውጫ መላ ያገኘው ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። ያም ሆኖ ብረቱ የድሮ ወዳጁን አይረሳም። ከ400 ዲግሪ በላይ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይጠጣል። የጠጣው ክፍል እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። እኛ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» እያልን ነው ያደግነው። ይህኛው ግን ሲግል ነው መጠበቅ ያለበት። ለዚህ ነው በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ የሚበየደው፤ ከውጭም፣ ከቱቦው ውስጥም። ከውስጥም የሚለውን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጭቃው ልግባ። ልብሳችሁን የምታጥብላችሁ እናት ይህን ብታነበው እንዲገባት ትንሽ ላብራራ። ሳይክሎክሮስ በሣር፣ በአሸዋና በጭቃ ላይ አጭር ዙር እየደጋገሙ የሚወዳደሩበት ነው። ለትልልቆቹ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱ ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ይቆማል። ደረጃና ዳገትም አለ። ያኔ ወርደህ ሳይክሉን ትከሻህ ላይ ጭነህ ትሮጣለህ። ፈረንሳዮች ብሔራዊ ሻምፒዮና ያደረጉበት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ፓሪስ ላይ ሲደረግ ያሸነፈው ዣን ሮቢክ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ቱር ደ ፍራንስን፣ ትልቁን የፈረንሳይ ዙር የሳይክል ውድድር፣ የወሰደው ሰውዬ።

ለዚህ ጨዋታ የሚሆን ፍሬም ከተራው የአስፋልት ፍሬም የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው። የላይኛው ቱቦ ሆዱ ጠፍጠፍ ቢል ትከሻን አይቆርጥም። የፍሬንና የማርሽ ገመዱ በሆዱ በኩል ካለፈ ግን ስትሸከሙት ይቆረቁራችኋል። ጎማው በዓለም አቀፍ ውድድር ደንብ ከ33 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ፍሬሙ ግን ከዚያ በጣም የሰፋ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጭቃም ቦታ ይፈልጋላ! የእኛን ዋልካ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጫማ ላይ ከተጣበቀ ቁመት ይጨምራል። ጎማው ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ በሁለቱም ጎን ትንሿ ጣታችሁ ካልገባች ያንን ፍሬም ተዉት።

በዚህ ሁሉ መሃል ቲታኒየም ደስ የሚል ነገር ነው። አልክድም። አይዝግም። ቀለም ስለማያስፈልገው የሚላጥ የለውም። ላዩ ከተጫረ በድስት መፈግፈጊያ ወደ አንድ አቅጣጫ ስታሹት ይመለሳል። ክብደቱም በአንድ ሳንቲ ሜትር ኪዩብ 4.5 ግራም ነው። ተራ ብረት 7.8 ግራም ይመዝናል። ግን እኩል ውፍረት ያላቸውን ሁለት ቱቦዎች ብትወስዱ ቲታኒየሙ ከብረቱ እጥፍ ያህል ይለመጣል። ስለዚህ ሠሪው ቱቦውን ወፈር ማድረግ አለበት። ለስላሳ ነው፣ ድንጋዩን ይውጣል እያሉ የሚያወሩለት ነገር ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው። ከፊሉ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ወሬ ነው። ጎማችሁን ትንሽ ብታስተነፍሱት ከዚያ የበለጠ ልዩነት ይሰማችኋል።

«ታዲያ ሻምፒዮኖቹ ለምን ካርቦን ይነዳሉ?» ብላችሁኛል። ካርቦን፣ ማለትም ከካርቦን ክርና ከሙጫ የሚሠራው ፍሬም፣ ይቀላል። ደግሞም እነሱ በየዙሩ ሳይክል መቀየሪያ ቦታ አላቸው። አንዱን ሲነዱ ሌላውን ሠራተኛ በግፊት ውሃ እያጠበ ይጠብቃቸዋል። ቢሰበር ሌላ አለ። እናንተ ያላችሁ አንድ አንድ ሳይክልና እኔ ነኝ። አንድ ሳይክል ላለው ሰው ቲታኒየም ትርጉም አለው፤ ወድቆ ተነሥቶ ይቀጥላል።

ግን በደንብ የተበየደ ከሆነ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ገና ፒያሳ ሳለሁ አንድ ሰው ቲታኒየም ሳይክል ይዞ መጣ። የታችኛው ቱቦ ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችበት። በማግስቱ መንዳት ፈልጓል። እኔ የቀረኝ አርጎን ወደ ማለቁ ነበር። ለውጭ ይበቃል፣ ለውጭና ለውስጥ ግን አይበቃም። ሳላውቅ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅርታ አደርግ ነበር። ግን አውቃለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሌሎችን ሳስተምር የኖርኩት ነገር ነው። ቢሆንም «ውስጡን ማን ያየዋል?» አልኩና ከውጭ ብቻ ሸፍኜ በየድኩት። ላዩ እንደ ብር ሳንቲም ያበራል። ሰውየው አመስግኖ ከፈለ። እኔም ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። ቸርችል ጎዳናን ሲወርድ ፍሬሙ ከብየዳው ጎን ተቆረጠ። ሰውየው በክንዱ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ፣ ነፍሱ ተረፈች። ገንዘቡን መለስኩለት፣ ለሐኪም ያወጣውንም ከፈልኩ። እሱ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ይህ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። ፍሬሙን ለእኔ ተወው። ቱቦውን በመጋዝ ሰንጥቄ ውስጡን አየሁት። መሃሉ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት። ያ ዱቄት ቅድም ያልኳችሁ የግድግዳው ነጭ ቀለም ዱቄት ነው፤ ብረቱ ወደ አፈርነቱ ተመልሷል።

ስለዚህ ያገለገለ ቲታኒየም ስትገዙ ላዩን እያያችሁ አትደነቁ። ጥሩ ብየዳ ብርማ ነው። እንደ ገለባ ቢጫ ቢል ብዙ አያስደነግጥም። ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ካለ ተጠራጠሩ። ግራጫና ነጭ ካለ አትንኩት። ነገር ግን የነቃ ሻጭ ላዩን በመፈግፈጊያ አሽቶ ቀለሙን ያጠፋዋል። ውስጡን ግን ማሸት ይከብደዋል። ኮርቻው የተቀመጠበትን ዘንግ አውጡና በስልካችሁ መብራት ቱቦው ውስጥ ተመልከቱ። ፎርኬታው ከወጣ በዚያም በኩል እዩ። ዘንጉ አልወጣ ብሎ ሻጩ «ልኩ እዚያው ነው፣ አትነካኩት» ካላችሁ፣ ተጣብቋል ማለት ነው። የአሉሚኒየም ዘንግ ቲታኒየም ውስጥ ያለ ቅባት ከርሞ እርጥበት ካገኘው በመዶሻም አይወጣም። የእናንተ ሲሆን ተራ ግራሶ አይበቃውም። እንዳይጣበቅ ተብሎ የሚሠራ፣ የብረት ብናኝ ያለበት ቅባት አለ፤ እሱን ቀቡ። ቡሎኖቹንም እንደዚሁ።

ቀጥሎ ክር አምጡ። ከኋላ ቸርኬው ከሚታሰርበት ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ፣ በፊት ባለው አጭር ቱቦ አዙራችሁ፣ በሌላው ጎን መልሳችሁ ወጥሩት። ከዚያ ክሩ በግራና በቀኝ ከኮርቻው ቱቦ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ካለፈ ፍሬሙ ጠሟል። ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፤ የሽሮ ከረጢት የታሰረበት ክር ይበቃል። ስንጥቅ ለማየት ደግሞ አጥባችሁ አድርቁት። ከብየዳው ጎን፣ በተለይ ከፔዳሉ ጀርባና የዲስክ ፍሬኑ የሚታሰርበት አካባቢ፣ ጥቁር መስመር ፈልጉ። ማግኔትም ያዙ። ከያዘው ተራ ብረት ነው። ካልያዘው ግን አሉሚኒየምም ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ አትደሰቱ። (ግራይንደር ሲነካው ደማቅ ነጭ ፍንጣሪ ይረጫል። ይህን በሰው ፍሬም ላይ እንዳትሞክሩት!)

ከተሰነጠቀ ደግሞ ኤሌክትሮድ ይዞ «እኔ እበይደዋለሁ» የሚላችሁን አትስሙ። ጎበዝ በያጅ ሊሆን ይችላል። ብረት ላይ ከእኔ ይበልጥ ይሆናል። ግን ይህ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ መልሴ። ለሁለታችሁ አይሻላችሁም። ገና ቁመታችሁ አላለቀም። ዕድሜ ልክ የሚቆይ ፍሬም ገዝታችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ጉልበታችሁ ማኑብሪዮውን ሲመታ ምን ልትሉኝ ነው? ብረቱ ላይ ቆዩ። ብረት ቢሰበር የትኛውም ሰፈር ይበየዳል። ገረመው ደምቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲነዳ ብረት ነበር። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሰለፍ ደግሞ ካርቦን። ቲታኒየም የለም ብሎ የቀረ የለም። በገንዘቡ ጥርስ ያለው ጥሩ ጎማና ትርፍ ከለመዳሪያ ግዙ። ሳይክል ላይ መውረድና መውጣት ተለማመዱ፤ አንዳችሁ ስትወርዱ አይቻለሁ፣ ጆንያ ከጭነት መኪና እንደሚወርድ ነው።

ለሦስተኛው፣ ማን እንደሆንክ ታውቃለህ፣ ምናልባት። ቁመትህ አልቋል። ሳይክልህን ሳትነገር ታጥባለህ። ግን ፎቶው ላዩን ብቻ ነው የሚያሳየው። ለሻጩ ጻፍለት። የኮርቻውን ዘንግ አውጥቶ የውስጡን ፎቶ ይላክልህ። እስከ ቅዳሜ ከመጣ ይዘኸው ና፤ እኔ የሰነጠቅኩት ቱቦ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ጎን ለጎን እናየዋለን። ሻጩ «ውስጡን ማን ያየዋል?» ካለህ ደግሞ የእኔን ስልክ ስጠው።